የሠርግ ቪሲዲና የቆዩ የቪዲዮ ፋይሎች፦ ጠይቁኝ

የቪዲዮ ቤቱ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ስቀርጽ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ በቪኤችኤስ ካሴት፣ ቀጥሎ በቪሲዲ፣ ከዚያ በዲቪዲ ለደንበኛ እያስረከብኩ። ዛሬ ማታ እስከ አራት ሰዓት አለሁ፤ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ዋናውን ፋይል አታጥፉ፣ ዲስኩንም አትጣሉ። ሥራችሁ ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን።

ሰናይት ከዲሲ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። የታላቅ እህቴ ሠርግ በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተቀረጸ ቪሲዲ አለኝ። ኤምፔግኤቪ የሚባል ፎልደር ውስጥ መጨረሻው ዲኤቲ የሆነ ትልቅ ፋይል አለ። ላፕቶፔ አላውቀውም አለኝ። ስሙን ኤምፒ4 ብዬ ብቀይረውም እንቢ አለ።

የቪዲዮ ቤቱ፦ ጥሩ አድርገሽ ስለጠየቅሽ በደንብ ልመልስልሽ። የቪዲዮ ፋይል ሞሶብና እንጀራ ነው። ዲኤቲ፣ ኤምፒ4፣ ኤቪአይ የሚባለው ሞሶቡ ነው፤ ኮዴክ የሚባለው፣ ምስሉና ድምፁ የታመቀበት ዘዴ፣ ደግሞ ውስጡ ያለው እንጀራ። አንቺ የሞሶቡን ስም ብቻ ቀየርሽ። ቪሲዲ ላይ ያለው እንጀራ ሁልጊዜ ኤምፔግ-1 ነው፤ በእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት በፓል ሲሠራ ስፋቱ 352 በ288፣ በሰከንድ 25 ምስል። የተለየ ነገር የለውም፤ ዲኤቲ የተባለው ያው ኤምፔግ ነው፣ ላዩ ላይ የሲዲ መጠቅለያ ስላለበት ብቻ ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ኮምፒውተርሽ ገልብጪ። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የአንድ ሰዓት ዲስክ ከ600 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ቪኤልሲ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቺው፤ ቪኤልሲ መጠቅለያውን አልፎ ያነበዋል። ለማየት ብቻ ከሆነ የፈለግሽው ሥራሽ እዚህ ላይ አለቀ። ለስልክና ለቴሌቪዥንም ይሁን ካልሽ ሃንድብሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኚ፣ ኤምፒ4 ምረጪ፣ ኮዴኩን ኤች 264 አድርጊ፣ ጥራቱን ኮንስታንት ኳሊቲ 18 ላይ አቁሚው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይከብዳል። ስፋቱን አትንኪው፤ 352 በ288 ሆኖ ይቆይ። ዲኤቲውንም እንዳታጠፊው።

ኪያ፦ የኔም አይከፍትም። ምን ላድርግ?

የቪዲዮ ቤቱ፦ ምኑ ነው የማይከፍተው? የፋይሉ መጨረሻ ምን ይላል? ክብደቱ ስንት ነው? ኮምፒውተሩ ምን ብሎ ጻፈ? "አይከፍትም" ብቻ ከሆነ የምሰጥህ መልስ የለኝም። በቪኤልሲ ቱልስ ከሚለው ውስጥ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን ክፈትና ያየኸውን ጻፍልኝ።

የሐዋሳው፦ ጋሼ፣ የኔ ቪሲዲ 40ኛ ደቂቃ ላይ ሲደርስ መገልበጡን ያቆማል። ተጭሯል መሰለኝ። ላዩ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል፣ ልላጠው?

የቪዲዮ ቤቱ፦ አትላጠው! እጅህን ከወረቀቱ ላይ አንሳ። በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ ምስሉን የሚያንጸባርቀው ስስ ሽፋን ያለው ከወረቀቱ ሥር ነው፤ ወረቀቱን ስትልጥ ሠርጉም አብሮ ይነሳል። ከታች በኩል ያለ ጭረት ይሻላል፣ ፕላስቲኩ ወፍራም ነውና። ከላይ በኩል የደረሰ ጉዳት ግን አይመለስም።

አሁን ለምን እንደሚቆም ስማ። ተራ የዳታ ሲዲ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት ብቻ ይይዝና የቀረውን ቦታ ስህተት ለማረም ይጠቀምበታል። ቪሲዲ ግን ብዙ ደቂቃ እንዲይዝ ተብሎ ያን ማረሚያ ትቶ 2324 ባይት ምስል ይጭናል። ለዚህ ነው ትንሽ ጭረት የሚጥለው። ዊንዶውስ ደግሞ አንድ ቦታ ሲሰናከል ሁሉንም ይተዋል። መፍትሔው ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገህ መጥረግ ነው፣ እያዞርክ ግን አይደለም። ከዚያ አይሶባስተር የሚባለውን ፕሮግራም ተጠቀም፤ ፋይሉ ላይ በቀኝ ስትጫን የኤምፔግ ክፍልፋዮችን ብቻ ለይቶ የሚያወጣበት ምርጫ አለው። የተበላሸውን ዘሎ ይቀጥላል፤ ሁለት ሰከንድ ቢጎድል ሃያ ደቂቃ ታተርፋለህ። ካልሆነ ሌላ የሲዲ ማንበቢያ ሞክር፤ አንዱ እንቢ ያለውን ሌላው ሲያነበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ማርታ፦ የኛ ሠርግ በዲቪዲ ነው። እስክስታው ላይ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ምስሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ኤምፒ4 ካደረግኩት በኋላ ባሰበት።

የቪዲዮ ቤቱ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የዚያን ዘመን ካሜራ ሙሉ ምስል አይቀርጽም፤ በሰከንድ 50 ግማሽ ምስሎችን ይቀርጻል። አንዱ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮችን፣ ቀጣዩ ተጋማሽ ቁጥሮቹን። የድሮው ቴሌቪዥን ተራ በተራ ስለሚያሳያቸው ዓይን አይለያቸውም ነበር። ኮምፒውተር ሁለቱን አንድ ላይ ሲደርባቸው ግን በመካከላቸው የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጥርስ ያወጣል። እስክስታ ደግሞ ከእንቅስቃሴ ሁሉ ፈጣኑ ነው።

ሃንድብሬክ ላይ ፊልተርስ በሚለው ገጽ ዲኢንተርሌስ ክፈቺ፣ ቦብ የሚለውን ምረጪ፣ ፍሬም ሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየውን ምስል ብዛት፣ 50 አድርጊ። ብዙ ሰው 25 ላይ ይተወዋል፤ ያኔ ጥርሱ ይጠፋል፣ ግን የእንቅስቃሴው ግማሽ አብሮ ይሄዳል። በ50 ስታዪው ትከሻው በዚያ ቀን እንደነበረው ይንቀጠቀጣል። እኔ ካሜራ ይዤ ጭፈራ መሃል የቆምኩ ሰው ነኝ፤ ያ ግማሽ ሲጣል ያመኛል።

ሌላው፣ ዲቪዲው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ቪኦቢ የሚባል ፋይል ለብቻው እንዳትቀይሪ። አንዱ ፊልም 1 ጊጋባይት እየሆነ የተቆራረጠ ነው እንጂ የተለያየ ቪዲዮ አይደለም። ቪዲዮ ቲኤስ የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ክፈቺ። የመጀመሪያውን ኤምፒ4 ጣይውና ከዲስኩ እንደገና ጀምሪ። ዲስኩ አለ አይደል?

ማርታ፦ አለ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።

ዳኒ_ቴክ፦ እኔ የምለው፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ወደ 1080 አሳድጉት፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጠራል።

ሰናይት ከዲሲ፦ የአጎቴ ልጅ እንደዚያ አድርጎ የሁሉም ፊት እንደ አሻንጉሊት ለሰለሰ። አያቴን አላወቅኳትም።

ዳኒ_ቴክ፦ ሴቲንጉን አላወቀበትም ማለት ነው።

የቪዲዮ ቤቱ፦ ዳኒ፣ 352 በ288 ላይ ያልተቀረጸ ሽበት ከየትም አይመጣም፤ ፕሮግራሙ የሚጨምረው ከራሱ ገምቶ ነው። ለመዝናኛ አድርጉት፣ ከልክዬ አላውቅም። ግን እሱን ብቻ አስቀርታችሁ ዋናውን እንዳታጠፉ። አንድ ደንበኛዬ የአባቱን የመጨረሻ ቪዲዮ ለአንድ ሱቅ ሰጥቶ "አሳድገን" ተብሎ ተመለሰለት፤ ከላይና ከታች ተቆርጦ የሰው አናት የለም። ዲስኩንም ጥለውታል። ምንም ልረዳው አልቻልኩም።

ያሬድ ኦክላንድ፦ አሜሪካ ላለነው ግን ፓሉ ወደ ኤንቲኤስሲ፣ ወደ አሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት፣ መቀየር የለበትም?

የቪዲዮ ቤቱ፦ የለበትም። ያ ድሮ ለቴሌቪዥኑ ሲባል ነበር። ኮምፒውተርና ስልክ በሰከንድ 25 ምስልም ይሁን የኤንቲኤስሲውን 29.97 ያሳያሉ፤ ከቀየርከው እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። እዚያው አሜሪካ የተቀረጸም ከሆነ እንዳለ ተወው። የዲቪዲው ፊት ከቀጠነ ወይም ከወፈረ ግን የጎንና የቁመት ምጥጥኑ ጠፍቷል ማለት ነው፤ 720 በ576 የሆነው አራት ለሦስት ፊልም 768 በ576 ሆኖ መታየት አለበት።

አበበ_ቢ፦ ዲኤቲን ወደ ኤምፒ4 እንዴት ነው የሚቀየረው?

የቪዲዮ ቤቱ፦ ለሰናይት መልሻለሁ። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ሂሩት ከጅዳ፦ ጋሼ፣ አያቴ በኖኪያ ስልክ ሲመርቁን የቀረጽኩት 3ጂፒ የሚባል ፋይል አለኝ። ምስሉ ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም።

የቪዲዮ ቤቱ፦ ድምፁ አለ፣ አይዞሽ። ኤኤምአር በሚባል ለስልክ ንግግር በተሠራ ኮዴክ ነው ያለው፤ ብዙ ማጫወቻ አያውቀውም። ቪኤልሲ ላይ ሞክሪው። ከዚያ በሃንድብሬክ ምስሉን ኤች 264፣ ድምፁን ኤኤሲ አድርጊ። ምስሉ 176 በ144 ይሆናል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቂ። ምርቃቱ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ፋይሉን በማይታወቅ ድረ ገጽ ላይ ጭነሽ እንዳታስቀይሪ፤ የቤተሰብ ገመና ነው።

ዳኒ_ቴክ፦ ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ጭኖ መገላገል ነው።

የሐዋሳው፦ ቴሌግራም ያጨመድደዋል እኮ።

ዳኒ_ቴክ፦ እንደ ፋይል ከላክኸው አያጨመድድም። እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል።

ያሬድ ኦክላንድ፦ አካውንቱ ሲዘጋስ? ስልክ ቁጥርህን የቀየርክ ቀንስ?

የቪዲዮ ቤቱ፦ ዳኒ ስለ ፋይሉ ልክ ነው፣ ያሬድም ልክ ነው። አንድ ግልባጭ እዚያ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ዘመድ ቤት። በዚህ አትጨቃጨቁብኝ፣ ጥያቄ ያለው ይቅደም።

ቢኒያም፦ ኤፍኤልቪ?

የቪዲዮ ቤቱ፦ ድሮ ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ ያሳይ የነበረው ፍላሽ የሚባል ፕሮግራም ዘመን ፋይል ነው። ፍላሽ ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቆሟል፤ ፋይሉ ግን አልሞተም። ቪኤልሲ።

ቢኒያም፦ በማክ ኮምፒውተርስ? ማጫወቻው ኩዊክታይም የድሮ ኤቪአይ እንቢ አለኝ።

የቪዲዮ ቤቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ካታሊና ከሚባለው የማክ ሥርዓት ጀምሮ የድሮ ኮዴኮች ከውስጡ ወጥተዋል። ቪኤልሲ፣ ከዚያ ሃንድብሬክ።

ቶማስ፦ የገዛሁት የፊልም ዲቪዲ ተቆልፏል፣ እንዴት ልክፈተው?

የቪዲዮ ቤቱ፦ እኔ የቤተሰብ ቪዲዮ ነው የማውቀው። ይህን አልመልስም።

ኪያ፦ ጋሼ፣ አየሁት። ኢንዴዮ ይላል። ኤቪአይ ነው፣ 90 ሜጋ።

የቪዲዮ ቤቱ፦ አሁን ተነጋገርን። ኢንዴዮ እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ የኢንቴል ኮዴክ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስ አያጫውተውም። ከኢንተርኔት "ኮዴክ ፓክ" የሚሉትን እንዳትጭን፣ ቫይረስ የሚገባው በዚያ ነው። ሃንድብሬክ ራሱ ሊያነበው ይችላል፤ ከግልባጩ ጀምር። ካላነበበ ኮዴክ ኢንፎርሜሽን ላይ ያለውን ሙሉ መስመር ጻፍልኝ፤ የኢንዴዮ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ሰናይት ከዲሲ፦ ጋሼ! ተከፈተ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሙሽራዋን ስትቀበል እልልታዋ ይሰማል። ድምፁ ከምስሉ ግን ትንሽ የቀደመ መሰለኝ።

የቪዲዮ ቤቱ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ዲኤቲው ራሱ ላይም ይቀድማል ወይስ ኤምፒ4ው ላይ ብቻ? መጀመሪያ ያን አረጋግጪልኝ። ከዋናው ከሆነ የቀራጩ ስህተት ነው፣ በሚሊሰከንድ እናስተካክለዋለን። እስከ አራት ሰዓት አለሁ።