«ትንሽ ታገሺን» ካሉሽ ቀን መቁጠር ጀምሪ

ሰላም እህቴ። «ውጭ አገር ያለ ድርጅት ያለበትን ዕዳ ሳይከፍለኝ ሊዘጋ ነው፤ ለገንዘብ ጠያቂ የየትኛው አገር ሕግ ይሻላል?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም ላይ ደርሷል። የትኛው ሕግ እንደሚሻል ለጊዜው ተይው። ያንቺ ጉዳይ የቀን ጉዳይ ነው።

1. ዛሬውኑ የድርጅቱን ስም በዚያ አገር የኪሳራ ማስታወቂያ ላይ ፈልጊ። እኔን የበላኝ ይህን አለማድረጌ ነው። ፈረንሳይ ላለ ድርጅት ጨርቅ በዱቤ ልኬ ነበር። በደወልኩ ቁጥር ሥራ አስኪያጁ «አንድ ወር ብቻ ታገሰን» ይለኛል። ድምፁ አንጀት ይበላ ነበር። አዘንኩለት፣ ታገስኩ። ለካስ ፍርድ ቤቱ የኪሳራ መዝገብ ከከፈተ ቆይቷል! እዚያ አገር ውሳኔው ቦዳክ በሚባለው የመንግሥት ማስታወቂያ ጋዜጣ ከወጣ ጀምሮ በ2 ወር ውስጥ የሚከፈልሽን ገንዘብ ማስመዝገብ አለብሽ። ከፈረንሳይ ውጭ ለምንኖር 2 ወር ይጨመርልናል። ባለዕዳው ከገንዘብ ጠያቂዎች ዝርዝር ቢዘልሽ እንኳ «ጊዜው ይታለፍልኝ» ብለሽ ለዳኛው ማመልከት ትችያለሽ። የዚህም ጊዜ ግን ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ 6 ወር ነው። እኔን ዘለውኝ ነበር፤ የሰማሁት ደግሞ በ8ኛው ወር ነው።

ጉዳዩን ወደያዘው ቢሮ ስደውል ያነሳችው ሴትዮ «በጋዜጣ ወጥቷል፣ ማንበብ ነበረብህ» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የአንድ ዓመት ልፋቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ውልሽን አውጥተሽ እዪ። ከዚያ ጨርቅ ግማሹ ያኔ ገና መጋዘናቸው ውስጥ ነበር። «ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ዕቃው የሻጩ ነው» የሚል አንድ መስመር፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ተስማምተንበት ቢሆን ኖሮ፣ ማስታወቂያው በወጣ በ3 ወር ውስጥ ንብረቴን መልሱ ማለት እችል ነበር። አንድ መስመር! አሁን ያለዚያ መስመር አንዲት ጥቅል አልልክም። ጀርመን ውስጥ ሻጮች ይህን የሚጽፉት እንደ ተራ ነገር ነው።

ጀርመን ካልኩ አይቀር፣ በካፒታል አትታለይ። እዚያ ጂኤምቢኤች (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ለማቋቋም 25,000 ዩሮ ካፒታል ያስፈልጋል። ግን ገንዘቡ ለሥራ ይወጣል እንጂ ላንቺ ተቆልፎ አይቆይም። የሚጠቅምሽ ሌላ ነው። ድርጅቱ መክፈል ሲያቅተው ሥራ አስኪያጁ ቢበዛ በ3 ሳምንት ውስጥ ለኪሳራ ማመልከት አለበት። ዝም ካለ በግሉ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን በደብዳቤ አስታውሺው፤ አነጋገሩ ይቀየራል።

ሁለተኛ ጊዜ ግን አልተበላሁም። እንግሊዝ ያለ ደንበኛዬ ሳይከፍለኝ ድርጅቱን ከመዝገብ ለማሰረዝ አመለከተ። እኔ ካምፓኒስ ሃውስ (የእንግሊዝ የድርጅቶች መዝገብ ቤት) ላይ የድርጅቱን ስም በነፃ እከታተል ስለነበር ኢሜይል ደረሰኝ። ማስታወቂያው ጋዜት በሚባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ለመቃወም 2 ወር አለ። እኔ በማግስቱ ያልተከፈለውን ሂሳብ አያይዤ ተቃወምኩ። ስረዛው ቆመ። ከዚያ በፊት ስልክ የማያነሳ ሰውዬ ራሱ ደወለልኝና በሦስት ጊዜ ክፍያ ጨረሰ። ጠበቃ አልያዝኩም፤ ሁሉንም በራሴ ነው የሠራሁት።

ስለዚህ ድርጅቱ የት አገር እንደተመዘገበና የመጨረሻው ደብዳቤ መቼ እንደደረሰሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ማታ እገባለሁ፤ የትኛው ማስታወቂያ ላይ እንደምትፈልጊ አሳይሻለሁ።