ከመርከብ የተመለሰች እናት፣ ፊቷን ያዞረች ልጅ

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። ባለቤቴ የሰርከስ ባለሙያ ስትሆን፣ ከማያሚ እየተነሣ የካሪቢያንን ደሴቶች በሚዞር የሽርሽር መርከብ ላይ፣ ከጣሪያ በተንጠለጠለ ጨርቅ የአየር ላይ ትርኢት እያሳየች ስምንት ወር ቆይታ በቅርቡ ተመልሳለች። የአራት ዓመት ልጃችንን የያዘችልን እናቴ ናት። ባለቤቴ የገባች ዕለት ልጅቱ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ «የስልኳ እማዬ ናት?» ብላ ጠየቀች፤ እስካሁንም ከእናቷ ጋር አልተኛም ትላለች። እናቴ ደግሞ «አዝማሪ አግብተህ አዋረድኸኝ» ትለኛለች። እኔም ባለቤቴ ከአንድ ወንድ ጋር ተያይዛ የምትጫወትበትን ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እዚያ ሳለችም ሌሊት እየደወልሁ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሌላ ውል ይጠብቃታል። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂዬ፣ ስለ ውሉ ከመነጋገራችን በፊት በልጅዎ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ፤ ለውሉ ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል፣ የአራት ዓመት ሕፃን ጉዳይ ግን ለነገ የሚባል አይደለም። በብሪታንያ ጆን ቦውልቢ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ከእናቶቻቸው ተለይተው በሆስፒታልና በማቆያ የሰነበቱ ሕፃናትን ሲከታተሉ፣ ሕፃኑ መጀመሪያ እንደሚያለቅስ፣ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም እንደሚል፣ በመጨረሻም እናቱ ስትመለስ እንዳላወቃት ሁሉ ፊቱን እንደሚያዞር አስተውለዋል። ይህ ፊት ማዞር መርሳት ወይም ጥላቻ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ የተጎዳ ልብ ዳግመኛ እንዳይጎዳ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። የእርስዎ ልጅ ደግሞ ከእነዚያ ሕፃናት የሚለያት ትልቅ ነገር አለ፤ በየቀኑ የምታቅፋት አያት ነበረቻት። ስለዚህ ባለቤትዎ የልጅቱን ከአያቷ ጋር መጣበቅ እንደ ክህደት እንዳታየው አደራ እላለሁ፤ ልጅቱ ሰው መውደድ እንደምትችል ያሳየው ይኸው መጣበቅ ነው።

ከእናቷ ጋር እንድትተኛ አታስገድዷት። ይልቅ ከዕለቱ ሥራ አንዱን፣ ለምሳሌ ማታ እግሯን ማጠብን ወይም ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ማድረስን፣ ለእናቷ ብቻ ተዉላት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አያቷ አጠገባቸው ትቀመጥ፤ «ዛሬ እናትሽ ታጥብሽ» የሚለው ቃልም ከአያቷ አፍ ይውጣ። ልጅቱ የምትጠብቀው ይህን ፈቃድ ይመስለኛል፤ ወደ እናቷ ብትሄድ አያቷን የምታስቀይም እየመሰላት ሊሆን ይችላልና።

ይህ እንዲሆን ግን እናትዎ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል መተው አለባቸው። በአገራችን፣ በጎጃምም ቢሆን፣ አዝማሪ በሌለበት ሠርግ ደስ የማይለው ሰው፣ ልጄን ለአዝማሪ አልድርም ሲል ሰምተን አድገናል። እናትዎ ያደጉበትን ነው የሚናገሩት፤ ክፋት ነው ብዬ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ያ ቃል ልጅቱ እየሰማች ከተነገረ፣ ሕፃኗ እናቷን ስለመውደዷ ማፈርን ትማራለች። ይህን ለእናትዎ መናገር የሚገባው ለእርስዎ እንጂ ለባለቤትዎ አይደለም፤ ምራት ብትናገረው ንቀት ይሆናል፣ ልጅ ሲናገረው ግን ይሰማል። ቡናው ተጠጥቶ ጎረቤት ሲበተን፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ይቅረቧቸው፤ አስቀድመው ያመስግኗቸው፤ ከዚያም «እማዬ፣ ልጄን አሳድገሽልኛል፤ በልጅቱ ፊት ግን እናቷን አትንኪብኝ» ይበሏቸው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልምጣ። ቅናትዎን አላቃልለውም፤ ከሚወዱት ሰው ስምንት ወር መራቅ ቅናት ባይወልድ ነበር የሚገርመኝ። ነገር ግን ያዩት መያያዝ የሥራው መሣሪያ ነው፤ በአየር ላይ ትርኢት የአጋር እጅ ከላላ ሰው ይወድቃል። ለዚያውም መድረኩ የሚንቀሳቀስ መርከብ ነው፤ ማዕበል ሲበረታ እንዲህ ያለው ትርኢት ይቀየራል ወይም ይሰረዛል። ሰዓቱንም ያስቡት። ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት በማያሚና በደብረ ማርቆስ መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እርስዎ እንቅልፍ አጥተው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲደውሉ እዚያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይህ ትርኢት የሚታይበት ሰዓት ስለሆነ፣ ስልክ አለማንሳቷ ስለ ታማኝነቷ የሚነግርዎ ነገር የለም፤ ብታነሳና ብትጨቃጨቁ ደግሞ በተረበሸ ልብ ወደ ላይ ትወጣለች። በአንጻሩ ትርኢቷን ጨርሳ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ስትቀመጥ እናንተ ዘንድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ልጅቱ ቁርሷን የምትበላበት። ዳግመኛ የምትሄድ ከሆነ ጥሪው በዚያ ሰዓት ይሁን፤ በየቀኑ ባይሆንም በታወቁ ቀናት ይሁን፤ የባሕር ላይ ኢንተርኔት በሳተላይት ስለሚመጣ ሊቆራረጥ እንደሚችልም ለልጅቱ አስቀድሞ ይነገራት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የእርስዎን ድርሻ ላስታውስዎ። ባለቤትዎ በሌለችበት ጊዜ በቤቱ ውስጥ ቦታዋን ሊጠብቅላት የሚችለው ባሏ ነው፤ ይህን ቦታ በጥርጣሬ ከሞሉት፣ እናትዎም ልጅዎም የእርስዎን ፊት እያዩ ይከተሉዎታል።

ስለ ውሉ የእኔን አቋም ልንገርዎ። አይከልክሏት፤ ሙያዋን በልጅነቷ ጀምራ በሰውነቷ የገነባችው ነው፤ የተከለከለ ሙያ ደግሞ ቂም ሆኖ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ነገር ግን ስድስት ሳምንት በጣም አጭር ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅቱ እጇን መስጠት በጀመረች ማግስት እናቷ ሻንጣ ብታነሣ ሁለተኛው መለየት ከመጀመሪያው ይከብዳታል። የሚጀመርበት ቀን እንዲራዘምላት ወይም የውሉ ጊዜ እንዲያጥርላት ትጠይቅ፤ ላይሳካ ይችላል፣ ሳይጠየቅ መቅረቱ ግን አይገባም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በመርከብ ላይ በማናቸውም ሥራ የተሰማራን ሰው ይሸፍናል፤ ሠራተኛው ከመፈረሙ በፊት ውሉን አንብቦ ምክር የመጠየቅ ዕድል እንዲያገኝ ያዝዛል፤ ሥራ አስቀጣሪ ነኝ ባይም ለማስቀጠሩ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ስለዚህ ወረቀቱን አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ስንት ወር፣ ከስንት ቀን ዕረፍት በኋላ፣ እስከ መቼ ድረስ የሚለውን ሁለታችሁ ወስኑ።

በመጨረሻ ስለ እንቅልፍዎ። በደብዳቤዎ በአንድ ሐረግ ብቻ አልፈውታል፤ እኔን ግን አሳስቦኛል። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በአብዛኛው ቀን ከሚሰማ ሐዘን፣ ከምግብ ፍላጎት መጥፋት ወይም ለማስተማር አቅም ከማጣት ጋር ከሆነ፣ ባለቤትዎ ቤት ሳለች በከተማችሁ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ጤና ክፍል ሄደው ይታዩ፤ ብቻዎን ለመሄድ ከከበደዎ እሷ ትሸኝዎ።