የቻይንኛ ቢትማፕ ፎንት በድረ ገጽ ላይ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቻይንኛ ቢትማፕ ፎንት፣ ማለትም እያንዳንዱ ፊደል በነጥብ ስለተሳለበት ፎንት፣ ያላችሁን ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡትን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የድሮውን ኤችዜድኬ16 ፋይል (የቻይንኛ ፊደላት በ16 በ16 ነጥብ የተቀመጡበትን) አግኝቼ በሲኤስኤስ እንደ ፎንት ጠራሁት፤ ምንም አይታይም።

መልስ፦ ፎንት ስላልሆነ ነው ወንድሜ። ውስጡ ነጥብ ብቻ ነው፤ ማውጫም የፊደል ስፋትም የለውም። ወይ ወደ ዎፍ2 (ብሮውዘር ወደሚያነበው የፎንት ፋይል) ትቀይረዋለህ፣ ወይ ራስህ ካንቫስ (የድረ ገጽ መሳያ ሰሌዳ) ላይ ትስለዋለህ።

ጥያቄ፦ እሺ ካንቫስ ላይ ልሳለው። አንዱን ፊደል ከፋይሉ እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ ፋይሉ የተደረደረው በ1980 በወጣው የቻይና መስፈርት በጂቢ2312 ቅደም ተከተል ነው፤ መስፈርቱ 6763 የቻይንኛ ፊደላት አሉት። «መካከል» ማለት የሆነውን፣ የቻይና ስም የሚጀምርበትን «ዦንግ» እንውሰድ። ባይቶቹ 214 እና 208 ናቸው። ከሁለቱም 160 ስትቀንስ ረድፍ 54፣ ቦታ 48 ታገኛለህ። ከየቁጥሩ አንድ ቀንስና 53ን በ94 (አንድ ረድፍ በሚይዘው የቦታ ብዛት) አባዝተህ 47 ደምርበት፤ 5029 ይሆናል። እያንዳንዱ ፊደል 32 ባይት ስለሚይዝ በ32 አባዛው፤ 160928 ይመጣል። ከዚያ ጀምረህ 32 ባይት አንብብ። ሁለት ሁለት ባይት አንድ መስመር ነው፣ በጠቅላላው 16 መስመር። ቢቱ 1 ከሆነ ጥቁር፣ 0 ከሆነ ባዶ። በግራ ጫፍ ያለው ነጥብ የባይቱ ትልቁ ቢት መሆኑን አትርሳ፤ ከተሳሳትክ የፊደሉ ግራና ቀኝ ግማሾች ለየብቻቸው ይገለበጣሉ።

ጥያቄ፦ ጃቫስክሪፕት የሚሰጠኝ ዩኒኮድ (የዓለም ቋንቋዎች የጋራ የፊደል ቁጥር) ነው። የጂቢውን ቁጥር ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ጽሑፍን ወደ ባይት የሚቀይረው ቴክስትኢንኮደር ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ የባይት አጻጻፍ) ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ባይትን ወደ ጽሑፍ የሚመልሰው ቴክስትዲኮደር ግን ጂቢኬን (ሰፋ ያለውን ጂቢ2312) ያነባል። ስለዚህ እህቴ፣ ከ161 እስከ 254 ያሉትን የባይት ጥንዶች በሙሉ ገጹ ሲከፈት ዲኮድ አድርጊና ሰንጠረዥ ሥሪ። በጣም የምወደው ዘዴ ነው፤ ተጨማሪ ፋይል አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ጥርት ያለው ፎንት ላፕቶፔ ላይ ይደበዝዛል።

መልስ፦ ላፕቶፕህ ስክሪኑን 125 በመቶ አሳድጎት ይሆናል። የፊደሉ 16 ነጥቦች በስክሪኑ 20 ፒክሰሎች ላይ እኩል አይከፋፈሉም፤ ብሮውዘሩ ጠርዙን በግራጫ ይሞላዋል። በስክሪኑ ላይ የሚያርፈው መጠን ሁልጊዜ የ16 ብዜት ይሁን። የስክሪኑን ሬሾ (ስንት እጥፍ እንዳሳደገው፣ እዚህ 1.25) አንብበህ አካፍል፦ 32 ለ1.25 ሲካፈል 25.6 ነው፤ ፎንት-ሳይዙን 25.6 ፒክሰል አድርገው። በካንቫስ ከሆነ በሲኤስኤስ ኢሜጅ-ሬንደሪንግን ፒክሰሌትድ በለው።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቱን ትመክረናለህ?

መልስ፦ ለሚነበብ ጽሑፍ ያለ ጥርጥር ዎፍ2። ካንቫስ ላይ የተሳለ ጽሑፍ ኮፒ አይደረግም፣ አይፈለግም፣ ለዓይነ ስውራን የሚያነበው ፕሮግራምም አያየውም። ካንቫስን ለጌምና ለማስዋቢያ ተዉት። ጂኤንዩ ዩኒፎንት የሚባለው ነፃ ፎንት ቻይንኛውን በ16 በ16 ይዟል፤ የእኛንም ፊደል ጨምሮ። ፋይሉ ትልቅ ከሆነባችሁ ገጹ የሚጠቀምባቸውን ፊደላት ብቻ ቆርጣችሁ አስቀሩ።

ጥያቄ፦ የታይዋን ጽሑፍ በኤችዜድኬ16 ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። ጂቢ2312 የያዘው የቀለሉትን ፊደላት ነው፣ ታይዋን ግን የምትጽፈው ባልቀለሉት ነው፤ ለታይዋን በቢግ5 (በዚያ በተለመደው የፊደል መስፈርት) ቅደም ተከተል የተሠራ ፋይል ፈልግ።