ፈርሚ የተባልሽውን የሥነ ምግባር ደንብ በምን ትመዝኚዋለሽ?

እህቴ፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት ግዢ ክፍል ልትቀጠሪ ነው። ወፍራም የሥነ ምግባር ደንብ ሰጥተውሽ ፈርሚ ብለውሻል። «እንዲህ ያለ ደንብ ያለው መሥሪያ ቤት ይታመናል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ግዢ ላይ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ደንብ መኖሩ ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን እ.ኤ.አ. በ2000 ለሠራተኞቹ 64 ገጽ የሥነ ምግባር መመሪያ አድሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የሂሳብ ማጭበርበሩ ፈነዳና ከሰረ። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክም መመሪያና የጥቆማ ስልክ ነበረው። ግን ሠራተኛውን ለአንድ ደንበኛ እስከ ስምንት አገልግሎት ሽጥ እያለ ያስጨንቀው ነበር። ሠራተኞቹም በደንበኞች ስም፣ ሳያስፈቅዱ ሂሳብ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ያህል ሠራተኞችም በዚሁ ጉዳይ ተባረዋል። ስለዚህ ቦነስና እድገት በምን እንደሚሰጥ ጠይቂ። ሰው የሚሠራው ለሚሸለምበት ነገር ነው።

ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። በሠራሁበት አንድ ቤት ደንቡ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስቡ ይላል። ሦስቱም ይመጣሉ፤ ፋይሉ ሙሉ ነው። ማኅተሙ የየራሱ ነው፤ የፊደል ስህተቱ ግን በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ እዚያው መስመር ላይ! ሦስቱንም አንድ ሰው ነው የጻፋቸው ማለት ነው። ፋይናንስ የነበረች ልጅ ይህን አይታ ጠየቀች። በወሩ ከከተማ ውጭ ወዳለ መጋዘን ተዛወረች። ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አልከፈተም። የዚያን ቤት ሥነ ምግባር የማውቀው በእሷ ዝውውር ነው። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት የሰው ኃይል ኃላፊውን እንዲህ በይው፦ «ስም አይንገሩኝ፤ በዚህ ደንብ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀጣው ሰው ምን ዓይነት የሥራ ደረጃ ላይ ነበር? የጠቆመውስ አሁን የት ነው?» የሚቀጡት ጥበቃና ገንዘብ ያዥ ብቻ ከሆኑ ነገሩ ገብቶሻል። ደግሞም በዓል ሲደርስ አቅራቢ በግ ቢልክልኝ የት አስመዘግባለሁ በይ። ደንቡ የሚሠራ ከሆነ መዝገቡን ያሳዩሻል። ከሳቁ ግን ተጠንቀቂ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው የደሞዝሽ አከፋፈል ነው። «ከፊሉን በፔሮል (በደሞዝ መዝገብ)፣ ከፊሉን በእጅ እንሰጥሻለን» ካሉሽ ገና ሳትገቢ አብረሽ እንድትዋሺ እየጠየቁሽ ነው። ጉዳቱም የራስሽ ነው። ጡረታ፣ ያንቺ 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚታሰበው በተመዘገበው ደሞዝ ላይ ነው። ከመንግሥት ላይ የሚሸሽግ አሠሪ አንቺ ላይ አይሸሽግም ብለሽ አትመኚ።

ወሲባዊ ትንኮሳን በተመለከተ በደንቡ ውስጥ ምን እንደተጻፈ እዪ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግልጽ ከልክሎታል። ደንቡ ዝም ካለ ወይም አቤቱታ የሚቀርበው ለቅርብ አለቃ ብቻ ነው ካለ፣ አለቃው ራሱ ቢሆንስ ብለሽ ጠይቂ።

ከገባሽ በኋላም ጊዜ አለሽ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችያለሽ። ሾፌሮቹንና የስቶር ሠራተኞችን ቅረቢ፤ የትኛው አቅራቢ የማን ዘመድ እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ውሉ እጅሽ ሲገባ የደሞዙ አከፋፈል እንዴት እንደተጻፈ እዚሁ ንገሪን፤ አብረን እናየዋለን።