ሰደፉን ሳትፍቁት አንብቡት፦ የአያቶቻቸው ጠመንጃ ለደረሳቸው የወሎ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ከደሴ እስከ መቅደላ ባሉ ብዙ ቤቶች ከአያት የወረደ አሮጌ ጠመንጃ ሲገኝ «የአድዋ ነው» ይባላል። ሊሆን ይችላል። ምስክሩ ግን በአብዛኛው እንጨቱ ላይ ያለ ማህተም ነው፤ «ላሳምረው» ብላችሁ በብርጭቆ ወረቀት የምትፍቁትም እሱኑ ነው።

አስቀድሞ አፈሙዙን ወደ መሬት አዙራችሁ ባዶ መሆኑን እዩ። ጥይት መጉረሻው አልከፈት ካለ አትታገሉት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ፈቃዱም በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ይሁን።

ከዚያ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከሰደፉ ቀኝ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ብርሃኑ እንጨቱን እየላሰ እንዲያልፍ አብሩ። ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ ክብ ማህተም በጥላው ይወጣል። ማስመሪያ አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አንሱ፤ ውሃና እንፋሎት ፈጽሞ አታስነኩት። ማህተም የተጨመቀ እንጨት ነውና እርጥበት ሲያገኘው አብጦ ይጠፋል።

በማህተሙ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 1888 የሚል ሲያዩ የአድዋን ዓመት ያገኙ ይመስላቸዋል። አድዋ በእኛ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በእነሱ ግን 1896 ነው። 1888 የተባለው ማህተም ከጦርነቱ ስምንት ዓመት ይቀድማል።

የታደሰ ጠመንጃ ከአንድ በላይ ዕድሜ አለው። የጣሊያኑ ቬተርሊ በ1870 ሲወጣ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር፤ ከ1887 ወዲህ ግን ሰደፉ ከሥሩ ተፈልፍሎ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ገባለት። ስለዚህ ብረቱ ላይ 1880 ተጽፎ ካዝና ካለው፣ ታድሷል። አድዋ ላይ የጣሊያን ወታደሮች በብዛት የያዙት ይህንኑ ነው። ከ1915 በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ አፈሙዛቸው ውስጥ ሌላ ቱቦ ገብቶላቸው ከ10.35 ወደ 6.5 ሚሊሜትር ጠበቡ፤ የድሮው ዓመት ግን ብረቱ ላይ እንዳለ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ተራ እርሳስ በአፈሙዙ አልገባ ካለ የጠበበው ነው፣ በዚያ መልኩም አድዋን አላየም።

ሰናድር (የእንግሊዙ ስናይደር ጠመንጃ) ላይ ከመዶሻው ሥር ያለውን የብረት ሰሌዳ አንብቡ። ከ1866 በፊት የሆነ ዓመት ካለው፣ በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረ የእንግሊዝ ጠመንጃ ተለውጦ የተሠራ ነው። ሁለት ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ከታተሙ፣ ከእንግሊዝ ሠራዊት ተሽጦ ወጥቷል ማለት ነው። «የመቅደላ ምርኮ ነው» ከማለታችሁ በፊት ይህን ምልክት ፈልጉ። ውጅግራ (የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ) ላይ «1866-74» ካለ ሻስፖ ከተባለው አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ የተለወጠ ነው፤ «ኤም 80» ደግሞ የ1880 ማሻሻያ ነው።

ሰደፉና ብረቱ አብረው ላይወለዱ ይችላሉ። ሁለቱም ላይ ቁጥር ካለ አስተያዩ፤ ካልገጠመ ወይም የድሮው ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ከታተመ፣ ሰደፉ ከሌላ ጠመንጃ መጥቷል። የፋብሪካ ጥገና የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይገጥማል፣ በሚስማር የተመታው የአገር ቤት እጅ ነው። እሱንም አትንቀሉት፤ ያ ጠመንጃ እዚህ መኖሩን የሚነግረን እሱ ነው። የሰደፉ ግርጌ ብረት ጠርዝ ከእንጨቱ በላይ ብቅ ካለ ግን እንጨቱ ተፍቋል፤ ማህተም ባታገኙ አትደነቁ።

ስትመዘግቡ የብረቱን፣ የሰደፉንና የእድሳቱን ዓመት ለየብቻ ጻፉ። ያልተነበበውን «አይነበብም» በሉ። ቤተሰቡ የሚናገረውንም የተናጋሪውን ስም ጠቅሳችሁ በሌላ መስመር አስፍሩ። ወረቀቱን በክር እሰሩት እንጂ ሙጫም ቀለምም እንጨቱን አይንካው።