ያለ ስክሪፕት ማሳቅ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ ኢምፕሮቭ ኮሜዲ ፖድካስት ጥያቄ እቀበላለሁ። ኢምፕሮቭ ያልኩት ያለ ስክሪፕት፣ እዚያው እየተፈጠረ የሚቀረጸውን ቀልድ ነው። በተለይ በኪነ ጥበቡ ሰፈር ለሚቀልዱት፦ በቃለ መጠይቁ፣ በፊልም ምርቃቱ፣ በሽልማት ሌሊቱ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ዓመሉን እንጂ ሰውየውን አትንኩ። እያንዳንዱን ሰው በየራሱ ትራክ፣ ማለትም ድምፁ ለብቻው በሚቀመጥበት መስመር፣ ቅረጹ። ሁለቱንም ደጋግሜ እላለሁ፣ ቻሉኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ጎረቤት ጠረጴዛ ሳይቀር ይስቃል። ማይክ ፊት ስንሆን ግን ጨዋታው ይሞታል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ ካፌ ውስጥ ትደማመጣላችሁ። ማይክ ፊት ግን ሦስታችሁም በጣም አሳቂው ሰው ለመሆን ትሽቀዳደማላችሁ። ችግሩ ይኸው ነው። በምሳሌ ላሳይህ።

አንዱ ጋዜጠኛ ሆነ እንበል። ቦታው የፊልም ምርቃት ነው። «እንኳን ደስ አለዎት! በፊልሙ ላይ ሬሳውን ሆነው ሲተውኑ ምን ተሰማዎት?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው «ኧረ እኔ ተዋናይ አይደለሁም፣ ቧንቧ ልጠግን ነው የመጣሁት» ብሎ መለሰ። አንድ ጊዜ ይሳቃል። ከዚያ ትዕይንቱ አለቀ። ጋዜጠኛው የያዘው ሁሉ ተነጠቀ፣ እንደገና ከዜሮ መጀመር አለበት።

አሁን በሌላ መንገድ እንሂድ።

«ሬሳውን ሆነው ሲተውኑ ምን ተሰማዎት?»
«ከባድ ነበር። ለገጸ ባሕርዩ ስል ሁለት ወር ሙሉ ትንፋሽ ስቀንስ ነበር።»
«ቤተሰብ እንዴት ተቀበለው?»
«እናቴ ሙሾ አውርዳ ከጨረሰች በኋላ ነው የነገርኳት።»
«ዕድሩስ?»
«ከፍሏል። አሁን መልስ እያሉኝ ነው። እኔ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ ውስጥ እስካለሁ ድረስ ብሩ ይገባኛል ብዬ ተከራክሬያለሁ።»

ማንም ቀልድ አልተናገረም፣ አየህ? ጋዜጠኛው ከልቡ ይጠይቃል፣ ተዋናዩ ከልቡ ይመልሳል። እያንዳንዱ የተሰጠውን ተቀብሎ ትንሽ ጨመረበት። ዕድሩ የመጣውም ከሙሾው ነው፣ ማንም አስቦ አላመጣውም። የተቀለደውስ በማን ነው? «ገጸ ባሕርዩ ውስጥ ገብቼ መውጣት አቃተኝ» በሚለው ዓመል ነው። ይህን ያላለ ተዋናይ ፈልግ እስኪ! ስም ግን አልተጠራም።

ደጃች ውቤ፦ ምን ማይክ ልግዛ?

መልስ፦ ስንት ብር አለህ? ስንት ሰው ነው የሚናገረው? የት ነው የምትቀርጸው? እነዚህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስ።

ስታዲየም ዙሪያ፦ እኛ ዝርዝሩን እንንገርዎት። አራት ሰዎች ነን። ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው የምንቀርጸው። በአንድ በኩል የጊዮርጊስ ድምፅ ማጉያ፣ በሌላ በኩል የኑር መስጊድ አዛን፣ ከታች የታክሲ ረዳት። ክረምት ሲሆን ደግሞ ዝናቡ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው፣ ተባረኩ። ኮንደንሰር የሚባለውን ማይክ ተዉት፣ የሰፈሩን ድምፅ ሁሉ ይለቅምላችኋል። ዳይናሚክ ማይክ ከአፍ አንድ ስንዝር ሳይሞላ ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ማዕዘኑ ላይ ፍራሽ አቁሙ። ጠረጴዛው ባዶ እንጨት ከሆነ ጨርቅ አልብሱት። የዝናብ ድምፅ በቆርቆሮ ላይ በኤዲት አይወጣም፣ አትድከሙ። በክረምት ጠዋት ጠዋት ቅረጹ።

አዛንና ቅዳሴ ሲሰማ ግን ቀረጻውን አቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሲያበቃ ቀጥሉ። ከፀሎት ድምፅ ጋር የቀልድ ድምፅ ተደባልቆ አየር ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው!» ሲል ከተሰማ ግን ትዕይንቱ ውስጥ አስገቡት። በሽልማት ሌሊቱ መሀል የጎደለች አንድ ተሸላሚ እየተፈለገች ነው በሉ። የመጣውን መቀበል ማለት ይህንንም ይጨምራል።

አራት ሰው ከሆናችሁ አራት ትራክ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፦ የአንዱ ሳቅ የሌላውን የመጨረሻ ቃል ይውጠዋል። በአንድ ትራክ ላይ ከተቀረጸ አትለዩትም። ለየብቻ ከሆነ ሳቁን ዝቅ አድርጎ ቃሉን ማዳን ይቻላል።

ባለማይኩ፦ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ የሁላችሁም ስልክ ሪከርድ እያደረገ ይሁን፣ በየፊታችሁ ይቀመጥ። ስትጀምሩ አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ አጨብጭቡ። በኤዲት ጊዜ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ታገጥማላችሁ። ዋናው ቀረጻ ቢቆረጥ ይህ ይተርፋል፣ በየራሱ ትራክም ይሆንላችኋል።

ቸርችል፦ ግን ኢምፕሮቭ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ? እኛ ጋ ይሠራል?

መልስ፦ ስሙና የሥልጠና ዘዴው ከዚያ ነው፣ እውነት ነው። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል ሴት ቺካጎ ውስጥ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆችን በጨዋታ ታስተምር ነበር። ያ ጨዋታ አድጎ የትወና ሥልጠና ሆነ። ልጇ ፖል ሲልስ ከጓደኞቹ ጋር በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር «ሰከንድ ሲቲ» የሚባለውን የቀልድ ቴአትር ቤት እዚያው ቺካጎ ከፈተ። የተሰጠህን ተቀብለህ ጨምርበት የሚለው ሕግም በዚያ መንገድ ነው የተስፋፋው።

ግን ካዛንችስ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ሕግ ከማንም መማር የለበትም። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል። ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ይቀበላል፣ ያዜመዋል፣ አዙሮ ይመልሰዋል። «አይ፣ ይህ ስንኝ አይመቸኝም» ያለ አዝማሪ አላየሁም። ደግሞ ዓይኑን ተመልከቱ። ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ፣ ማን ሰዓቱን እንደሚያይ፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ ሁሉ ይለቅማል። ግጥሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። እኔ ጀማሪ ሳሠለጥን መጀመሪያ የማሠራው ይህንን ነው። አንዱ ስለ ሾው ቢዝነስ አንድ መስመር ይወረውራል፣ ሌላው ቤት ይመታል። አንድ ቀን «ቀይ ምንጣፉ አማረ፣ አዳራሹ ደምቋል» ሲባል አንዲት ልጅ ወዲያው

ፊልሙ ሳይጀመር፣ ፎቶው ግን አልቋል

ብላ ዘጋችው። ስለ ምርቃት ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ለገሃር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አዝማሪ ግን የሸመደደውን ነው የሚለው። ያው ግጥም በየጠረጴዛው ይዞራል።

ካዛንችስ፦ አንተ ሁለት ቢራ ጠጥተህ በጊዜ የምትወጣ ሰው ነህ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን አልሰማህም።

ለገሃር፦ ሰምቻለሁ። «ቦሌ» ካልክ ከ«ሎሌ» ጋር ይገጥሙታል፣ አለቀ።

ካዛንችስ፦ እሱ ደካማው ነው። በደካማው አትመዝን።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የተሸመደደ ስንኝ አለ፣ የሁሉም አዝማሪ ኪስ ውስጥ አለ። የሚፈተነው ያልጠበቀው ስንኝ ሲወረወርለት ነው። ለእናንተም እንደዚያው። ጥቂት የተዘጋጀ ነገር ይኑራችሁ፣ ግን አትጣበቁበት።

ሜክሲኮ፦ ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት ደረጀና ሀብቴ ነበሩ። ዛሬ ማን እንደ እነሱ አለ?

ለገሃር፦ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰስ?

ሜክሲኮ፦ አይወዳደሩም።

ለገሃር፦ ማን ከማን ጋር ነው የማይወዳደረው? አስረዳ!

መልስ፦ ይህ ክርክር ለሌላ ቀን ይሁን፣ ሲጀመር አያልቅም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሁለቱም ጥንዶች ናቸው። ጥንዶቹን ስትሰሙ የሚናገረውን ትታችሁ ዝም ያለውን ተከታተሉ። እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ መቼ እንደሚገባ። ትምህርቱ እዚያ ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አራት ኪሎ፦ ስክሪፕት ከሌለ ምንም አናዘጋጅም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ይህ አስተሳሰብ ነው ብዙ ፖድካስት የገደለው። ንግግሩን አትጽፉም እንጂ ቤቱን ትሠራላችሁ። አሜሪካዊው ስኮት ኦከርማን በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ሎስ አንጀለስ የጀመረውን የቀልድ ፖድካስት ውሰዱ። አሠራሩ ሁልጊዜ ያው ነው፦ አቅራቢ አለ፣ እውነተኛ እንግዳ አለ፣ ከዚያ ኮሜዲያን ገጸ ባሕርይ ሆኖ በር ይከፍትና ይገባል። አቅራቢው ሁሉንም እንደ እውነተኛ እንግዳ ይጠይቃል። ቅርጹ አይለወጥም፣ ስለዚህ ውስጡ እንደፈለገ መሆን ይችላል።

ለእኛም የሚመች ቅርጽ ሞልቷል። የእሑድ ከሰዓት የቴሌቪዥን መዝናኛ አለ። አርቲስቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ «ሥራዬን ሕዝቡ ይፍረደው» የሚልበት። ያንን ቅርጽ ያዙት። ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚገባ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ይወቅ፦ ምን ይፈልጋል? ምን ይደብቃል? ራሱን ማን ነኝ ብሎ ያስባል? ለምሳሌ «አልበሜ በቅርብ ቀን» እያለ ዘመን የቆጠረ ድምፃዊ። የሚፈልገው አልበሙ አለመውጣቱን ማንም እንዳያነሳበት ነው። የሚደብቀው ዜማ አንድም እንደሌለው ነው። ራሱን የሚያየው ደግሞ ሕዝቡን ላለማስደንገጥ አልበሙን ያዘገየ አዛኝ ሰው አድርጎ ነው። ይህን ይዞ የገባ ሰው ለየትኛውም ጥያቄ መልስ አያጣም።

ኦሎምፒያ፦ አንድ ታዋቂ ዘፋኝን በስሙ ብናስመስለውስ? ድምፁን አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያወጣ ልጅ አለን።

መልስ፦ አይሆንም። ዓመሉን እንጂ ሰውየውን አትንኩ ብያለሁ። ስሙን ከጠራችሁ አድማጩ ስለ ሰውየው ያስባል፣ ስለ ነገሩ አያስብም። ትዳሩ ይነሳል፣ ብሔሩ ይነሳል፣ አስተያየት መስጫው የጦር ሜዳ ይሆናል። ልጁ ድምፁ ጥሩ ከሆነ የሦስት ዘፋኞችን ዓመል ቀላቅሎ አንድ አዲስ ሰው ይፍጠር።

ኦሎምፒያ፦ በሕግስ ያስጠይቃል?

መልስ፦ ጠበቃ ጠይቁ። የጥላቻ ንግግር አዋጁን፣ ቁጥር 1185/2012ን፣ ራሳችሁ አንብቡት። የሰው ዘፈን መክፈት ካሰባችሁም የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው።

የሰፈሯ ልጅ፦ በቡድናችን ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ። ሁልጊዜ «እማማ»፣ «የቤት ሠራተኛዋ» ወይም «የአርቲስቱ ሚስት» ያደርጉኛል። የተሰጠሽን ተቀበዪ ከተባለ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ዛሬ ከተጠየቀው ሁሉ ከባዱ ነው። መቀበል ማለት ቦታውንና ነገሩን መቀበል ነው፣ መናቅን መቀበል አይደለም። «እማማ፣ ቡና ያፍሉልን» ካሉሽ «አፈላለሁ ልጄ። ግን የዚህ ፊልም ገንዘብ የእኔ ስለሆነ ረከቦቱን የምትሸከመው አንተ ነህ፣ ደመወዝህም ከሦስተኛው ስኒ በኋላ ነው» በያቸው። እናት ሆንሽ፣ ቡናውም ተፈላ፣ ፕሮዲውሰሯም አንቺ ሆንሽ። ምንም አልካድሽም።

ይህ ግን ትዕይንቱ ውስጥ ነው። ከቀረጻው ውጪ ደግሞ በግልጽ ንገሪያቸው። በሚቀጥለው ክፍል አቅራቢዋ አንቺ ሁኚ፣ ማን ምን ሆኖ እንደሚገባ አንቺ ወስኚ። እምቢ ካሉ ሌላ ቡድን ፈልጊ። ከልቤ ነው።

ደጃች ውቤ፦ ጋሼ የማይኩን ጥያቄ አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ለስታዲየም ዙሪያ የመለስኩትን አንብብ። ዳይናሚክ። አንድ ስንዝር። በየራሱ ትራክ።

ቸርችል፦ ብር ይገኝበታል?

መልስ፦ ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው ጠይቅ።

አምባሳደር፦ አንድ ቅሬታ አለኝ። ኪነ ጥበባችን በስንት መከራ ነው የቆመው። አርቲስቶቻችን ታመው በእርዳታ ነው የሚታከሙት። በዚህ ላይ መቀለድ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ስሜትህ ይገባኛል፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን የዘመናዊ ቴአትራችን መነሻ ራሱ ሳቅ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ የጻፉት የመጀመሪያው ተውኔት የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር። በአውሬ አስመስለው የዘመኑን ሹማምንት ስለነኩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ልብ በል፣ እሳቸውም ስም አልጠሩም። አለቃ ገብረ ሐና ደግሞ ከእሳቸው በፊት ቤተ ክህነቱንም ቤተ መንግሥቱንም በአንድ ቃል ሲያስቁ ኖረዋል። ሀገር ፍቅር በ1927፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ሥራ ሲጀምሩ ሳቅ በሀገሩ እንግዳ አልነበረም።

በታመመ አርቲስት አይቀለድም። ይህ አያከራክርም። አርቲስቱ ሲታመም ፎቶ ተነስቶ ለጥፎ፣ ብር ሳይሰጥ በሚሄደው ሰው ግን ይቀለዳል። እንዲያውም መቀለድ አለበት። ከተዋናዩ ላብ ላይ ቆርጦ ቀይ ምንጣፍ በሚያነጥፈው ይቀለዳል። ቀልዱ ወደ ላይ ይወርወር። አርቲስቱን የሚወድ ሰው ይህን ነው የሚሠራው።

አምባሳደር፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ።

አራት ኪሎ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። አንድ ሰዓት ቀርጸን ስንቱን ቆርጠን እናውጣ?

መልስ፦ ግማሹን ብትጥሉ አትደንግጡ። መጀመሪያ ተቆርጦ የሚወጣው እናንተ ብቻ የሳቃችሁበት ነው፣ አድማጭ የማያውቀው የጓደኛሞች ቀልድ። ቀጥሎ ሁለት ሰው አንድ ላይ የተናገረበት። ዝምታውን ግን አትቁረጡ። ከባድ ጥያቄ ተጠይቆ አርቲስቱ ለአፍታ ዝም ያለባት ቦታ ብዙ ጊዜ ከመልሱ ታስቃለች። ስትቀርጹ የድምፅ መጠን መለኪያው ከማይነስ 12 ዴሲቤል ብዙ አይለፍ፣ ሳቅ ድንገት ይዘላልና። ሲያልቅ ድምፁን ወደ ማይነስ 16 ሉፍስ (የጠቅላላው ድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አስተካክሉት፣ አድማጭ በታክሲ ውስጥም ይሰማዋል።

ደጃች ውቤ፦ ሁለት ሰዎች ነን፣ ቤት ውስጥ ነው፣ ብር አጠራቅመናል።

መልስ፦ አየህ፣ አሁን ተነጋገርን። ሁለት ዳይናሚክ ማይክና ሁለት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ግዛ። ከመክፈልህ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ቀርጸህ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሁለት ትራክ መሆኑንም እዚያው አረጋግጥ።