ወንበሩን የለቀቀ ፕሬዚዳንት ከክስ ሊያመልጥ የሚችለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ነዋሪነቴ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከሥራ ስንወጣ ማኪያቶ በምንጠጣበት ቤት ውስጥ ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሳንስማማ ተለያየን። አንዱ ጓደኛችን የኮንጎው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ካቢላ የዕድሜ ልክ ሴናተር ሆነው ሳለ በሌሉበት ሞት እንደተፈረደባቸው ሲነግረን፣ ሌላው «ብልህ መሪ እኮ በሩን ዘግቶ ነው የሚወርደው» አለ። ለመሆኑ ክስ ያንዣበበበት ፕሬዚዳንት ከሥልጣን ከመውረዱ በፊት ራሱን ለማዳን ምን ማድረግ ይችላል? የትኛውስ መንገድ ያዋጣዋል? በእኛ አገር ሕግስ ይህ ይቻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ካቢላ በሩን ሳይዘጉ አልወረዱም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀድሞ ፕሬዚዳንቶችን ጥቅምና ጥበቃ የሚደነግግ ሕግ ወጥቶላቸው ነበር፤ በጥር 2019 ሥልጣን ሲያስረክቡም የዕድሜ ልክ ሴናተርነቱና ከእርሱ ጋር የሚመጣው ያለመከሰስ መብት ይጠብቃቸው ነበር። ነገር ግን ቁልፉ የቀረው በሴኔቱ እጅ ስለነበር፣ ከተኪያቸው ከፌሊክስ ቺሴኬዲ ጋር ከተቃቃሩ በኋላ ሴኔቱ በግንቦት 2025 መብቱን አነሣ፤ በመስከረም መጨረሻም ወታደራዊው ፍርድ ቤት የሞት ፍርድ ሰጠ። የክርክራችሁ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ከሥልጣን የወረደ ሰው የሚያገኘው ከለላ ሁሉ ሌላ ሰው ወይም ሌላ አካል የሚሰጠው ነውና፣ ከለላው የሚዘልቀው የሰጪው ጥቅም ወይም ፍላጎት እስከዘለቀ ድረስ ነው።

በብዛት የሚሞከረው መንገድ ታማኝ ተተኪ ማዘጋጀት ነው። ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ የአሜሪካው ሪቻርድ ኒክሰን ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 1974 ሥልጣን ሲለቁ ምክትላቸው ጄራልድ ፎርድ ተተኩ፣ አንድ ወር ሳይዘገይም መስከረም 8 ቀን ክስ እንኳ ሳይመሠረትባቸው በሥልጣን ዘመናቸው ለፈጸሙት ወንጀል ሁሉ ሙሉ ይቅርታ አደረጉላቸው። ፎርድ ግን በ1976ቱ ምርጫ ተሸነፉ፤ ለሽንፈታቸው ብዙዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይቅርታ ነው። ተተኪ ሲመረጥ ይህን ዋጋ ሊከፍል ፈቃደኛ መሆኑ አስቀድሞ አይታወቅም። የዛምቢያው ፍሬድሪክ ቺሉባ ያዩት መከራ ይህን ያሳያል፤ ራሳቸው መርጠው ለዕጩነት ያቀረቧቸው ሌቪ ምዋናዋሳ በጥር 2002 ሥልጣን በያዙ በወራት ውስጥ በቀድሞ አለቃቸው ላይ የሙስና ውንጀላ ለምክር ቤቱ አቀረቡ፣ ምክር ቤቱም በሐምሌ ወር የቺሉባን ያለመከሰስ መብት አነሣ። አዲሱ መሪ የራሱ ሰው መሆኑን ለሕዝብ የሚያሳይበት ፈጣኑ መንገድ ጌታውን ፍርድ ቤት ማቆም ነበርና በሌላ ማሳየት አላስፈለገውም። ቺሉባ በ2009 በአገራቸው ፍርድ ቤት ነጻ ቢባሉም ከሥልጣን በኋላ የኖሯቸው ዓመታት የተገፉት በችሎት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዐቃቤ ሕጉን መያዝ ነው፤ ለዚህ ከደቡብ አፍሪካው ጄኮብ ዙማ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። በመሣሪያ ግዥ ሙስና የቀረበባቸው ክስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ ተቋረጠ። በሥልጣን ላይ ሳሉም የብሔራዊው ዐቃቤ ሕግ ኃላፊ በ2015 17.3 ሚሊዮን ራንድ ተከፍሏቸው ከቦታቸው እንዲነሡ ተደረገና ሌላ ተሾመ። ይህ ዘዴ የከሸፈው ፍርድ ቤቶቹ ስላልተያዙ ነው፤ በታኅሣሥ 2017 የፕሪቶሪያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ የሚጠብቀው ፕሬዚዳንት የራሱን ከሳሽ ሊሾም አይገባም ብሎ ወሰነ፣ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤትም በነሐሴ 2018 ሹመቱ ውድቅ መሆኑን አጸና፤ የተሰናበቱት ኃላፊም ገንዘቡን እንዲመልሱ አዘዘ። ዙማ የካቲት 14 ቀን 2018 ሥልጣን ለቀቁ፤ አንድ ወር ቆይቶ ክሱ እንደገና ተነሣ። በ2021 የታሰሩት ግን በዚያ ክስ አልነበረም፤ አጣሪ ኮሚሽን ፊት አልቀርብም በማለታቸው ፍርድ ቤት በመድፈር 15 ወር ተፈርዶባቸው ነው። ዋናው ክስ ከዓመታት በኋላም በመቃወሚያ፣ በይግባኝና በቀጠሮ ሲንከባለል ይገኛል። ለተከሳሹ ከሁሉም ያዋጣው ይኸው ቀጠሮ ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ክሱን ባያሸንፈውም ሊያረጅበት ይችላል።

ራስን በራስ ይቅርታ ማድረግ የሚለው ሐሳብ በጋዜጣ ብዙ ይወራል እንጂ የሚረባ ዋስትና ስላልሆነ አናቆይዎትም። ከዚያ ይልቅ የሚሠራው በድርድር የሚገኝ ያለመከሰስ ሕግ ነው፤ የየመኑ ዓሊ አብደላህ ሳሌህ በጎረቤት አገሮች አደራዳሪነት ሥልጣን ለቅቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ምክር ቤቱ ያለመከሰስ ሕግ አወጣላቸው፤ ከክስ አመለጡ፣ ነገር ግን ፖለቲካውን ሊተዉት ስላልቻሉ በታኅሣሥ 2017 ተገደሉ።

የቀረው ስደት ነው። የቻዱ ሂሴን ሃብሬ እ.ኤ.አ. በ1990 ሴኔጋል ገብተው ከሃያ ዓመት በላይ ዳካር ውስጥ ኖሩ፤ በ2012 ሴኔጋል ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ ነገሩም ተለወጠ፣ በ2013 ተይዘው በ2016 ልዩ ችሎት የዕድሜ ልክ እሥራት ፈረደባቸው። የላይቤሪያው ቻርለስ ቴይለር ናይጄሪያ ውስጥ የቆዩት ከሦስት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው፤ የአገራቸው አዲስ ፕሬዚዳንት ተላልፈው እንዲሰጡ ስትጠይቅ ለማምለጥ ሞክረው በካሜሩን ድንበር አካባቢ ተያዙ፣ በ2012 የ50 ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። ለዚህ ደንብ የማይገዙት የእኛው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አገር ጥለው ዚምባብዌ ከገቡ ወዲህ፣ ያስጠጓቸው ሮበርት ሙጋቤ በ2010 ዓ.ም. ከሥልጣን ቢወርዱም አልተነኩም። ደርግ በነጻነት ትግሉ ወቅት ታጋዮቹን አሠልጥኖና አስታጥቆ ስለነበር ውለታው የአንድ ሰው ሳይሆን የገዢው ፓርቲ ነው፤ ፓርቲው ደግሞ ዛሬም ሥልጣን ላይ ነው። የእርሳቸው ባልደረቦች ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። ሌተና ጄኔራል አዲስ ተድላና ሌተና ኮሎኔል ብርሃኑ ባየህ ከእርስዎ ሰፈር እምብዛም በማይርቀው የኢጣሊያ ኤምባሲ ግቢ ከ29 ዓመት በላይ ተዘግተው ኖረው፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአመክሮ ተለቀቁ። ከእሥር የሸሸ ሰው ከብዙ እሥረኛ የረዘመ ጊዜ በአንድ ግቢ ማሳለፉ ሲታሰብ አምልጠዋል ማለት ይከብዳል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ የእኛ ፕሬዚዳንት ርእሰ ብሔር እንጂ የሥራ አስፈጻሚው የበላይ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ጥያቄው በተግባር የሚመለከተው ጠቅላይ ሚኒስትሩን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይከሰስ የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ጥበቃው ለአባል ነው፤ አባልነቱ ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ክብደት ያለው ድንጋጌ አንቀጽ 28 ነው፤ በእርሱ መሠረት የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን መሰወርና ማሰቃየትን የመሰሉ በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋ አያግዳቸውም፣ በማንኛውም የመንግሥት አካል ውሳኔም በምሕረት ወይም በይቅርታ አይታለፉም። መስቀል አደባባይ ዳር ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የጎበኘ ሰው፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጡትን የሟቾች ልብሶችና አጥንቶች ሲያይ አንቀጹ ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆኖ እንደተጻፈ ማስረዳት አያስፈልገውም። መንግሥቱ በሌሉበት በጥር 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እሥራት፣ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ደግሞ በይግባኝ የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸዋል።

ይሁንና ያው አንቀጽ ርእሰ ብሔሩ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ በ2003 ዓ.ም. የሞት ፍርድ የተላለፈባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣታቸው የተለወጠው በዚሁ ነው። ለጓደኞችዎ ሊነግሯቸው የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ አንቀጽ 28 ስለ ገንዘብ ምንም አይናገርም። ሕዝብ አስገድሏል ተብሎ የሚከሰስ ባለሥልጣን በሕገ መንግሥቱ የይቅርታ በር ተዘግቶበታል፤ ገንዘብ መዝብሯል ተብሎ የሚከሰስ ግን ይህ አንቀጽ አይመለከተውም፣ የእርሱን ጉዳይ የሚወስኑት የይቅርታና የምሕረት አዋጆች ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ ተራ የምክር ቤት ድምፅ ሊለውጣቸው ይችላል።